ፔዳሉ እንደ ወትሮው ነበር

የባሌን እግር የከሰስኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ቢከሰው ኖሮ ምላሱን እቆርጥለት ነበር። ግን እኔው ነኝ፤ ዙልፋ፣ አርባ አንድ ዓመት አብሬው የኖርኩት ሚስቱ፤ በልጄና በመካኒኩ ፊት «በዓይኔ አይቻለሁ» ብዬ የመሰከርኩበት።

ሐሙስ ዕለት ነው። ደብረ ብርሃን የምትኖረውን ልጃችንን ሰሀርን ጠይቀን ወደ ቤታችን፣ ወደ ሸዋ ሮቢት እየተመለስን ነበር። መኪናችን አሮጌ ሃይብሪድ ናት፤ በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ። ስትነሳ ድምፅ የላትም። ልጃችን አብዱልመሊክ ከስምንት ዓመት በፊት ከአዲስ አበባ ሲያመጣልን፣ ባሌ አብዱረዛቅ ሁለት ጊዜ ዞራትና «ይቺ መኪና ናት ወይስ ድመት?» አለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተሳቢ የነዳ ሰው ነውና ሞተር ሳይጮህ መንዳት ያሳፍረው ነበር። ቆይቶ ግን ወደዳት። እኔ ጫማ ግዛልኝ ስለው የሚረሳ ሰው፣ የእሷን የጎማ ንፋስ ማስለካት አንድም ጁምዓ ረስቶ አያውቅም።

ከተማው መግቢያ ላይ፣ የፍጥነት መቀነሻው ጉብታ ጋ ስንደርስ መኪናዋ አልቆመችም። ጉብታውን ዘለለችና ወደ ቀኝ ታጥፋ፣ ለጭነት ተደርድሮ የቆየ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ወጣች። አልሐምዱሊላህ፣ ሰው አልነበረም። ሽንኩርቱ ግን አስፋልቱን ሞላው፤ ባጃጆቹ ማለፊያ አጡ። የሽንኩርቱ ባለቤት በድሩ ራሱ ነው ሮጦ መጥቶ በሩን የከፈተልን። «ነፍሳችሁ ተርፋለች፣ ሽንኩርቱን ተዉት» እያለ እኔን በአንድ እጁ፣ ባሌን በሌላው ይዞ አወጣን። ከእኛ ዙሪያ ግን ሰው ሁሉ አንድ ነገር ነበር የሚለው፤ ሽማግሌው ፍሬን መስሎት ነዳጅ ረገጠ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሬው ጀውሃ ደርሶ ተመልሷል።

አብዱልመሊክ ቅዳሜ መጣ። ልጄ ክፉ ልጅ አይደለም፤ አባቱን ስለሚወድ ነው የፈራው። መካኒኩን ንጉሤን ጠራው። ንጉሤ ባሌ ተሳቢ ሲነዳ ጀምሮ የምናውቀው የከተማችን አንጋፋ መካኒክ ነው። መኪናዋን ወስዶ ከድልድዩ እስከ መናኸሪያው ሁለት ጊዜ ተመላለሰባት። በፈለገበት ቦታ ትቆማለች። አጎንብሶ በጎማው ብረት ቀዳዳ በኩል የፍሬኑን ሸራ፣ ጎማዋን ጨብጦ የሚያቆመውን፣ አየ። ከዚያ ግቢያችን መጥቶ ማንጎው ሥር ተቀመጠና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ፍርዱን ሰጠ።

«ፍሬኗ ደህና ነው። ሸራው ሙሉ ነው። ስምንት ዓመት ተነድቶ እንደ አዲስ የሆነ ሸራ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።» ወደ ባሌ ዞረ። «ጋሼ፣ ሲረግጡት ፔዳሉ ወለል ነካ?»

«አልነካም» አለ አብዱረዛቅ።

«ላላብዎት? ገባ ገባ አለ?»

«እንደ ወትሮው ነበር። ረገጥኩት፣ እንደ ወትሮው ጠንከር ብሎ ጠበቀኝ። መኪናዋ ግን አልቆመችም።»

ንጉሤ አንገቱን ደፋ። እኔ መንጃ ፈቃድ የለኝም፤ ግን የሾፌር ሚስት ነኝና ይህን ያህል አውቃለሁ፤ ፍሬን ሲበጠስ ፔዳሉ ከእግር ሥር ይጠፋል። ባሌ ራሱ የድሮ የመንገድ ወሬውን ሲያወራ «ረገጥኩት፣ ባዶ!» ብሎ ነው ጉልበቱን በጥፊ የሚመታው። ፔዳሉ እንደ ወትሮው ሆኖ መኪናዋ ካልቆመች፣ የተረገጠው ሌላኛው ፔዳል ነው። ማንጎው ሥር የተቀመጥነው ሁሉ ይኸው ገብቶናል፤ ደፍሮ የሚናገር ነው የጠፋው።

«እማዬ፣ አንቺስ?» አለኝ አብዱልመሊክ። «አጠገቡ ነበርሽ። ምን አየሽ?»

እውነቱን ልናገር። ምንም አላየሁም። ተኝቼ ነበር።

ይህ በቤታችን የቆየ ክርክር ነው። እኔ መኪና ውስጥ አልተኛም እላለሁ፤ እሱ ታንኮራፊያለሽ ይላል። ደብረ ሲና ብርዱ ለቆን፣ የይፋት ሙቀት በመስኮት ሲገባ ሰውነቴ ይፈታል፤ ዓይኔም ይከደናል። «ዓይኔን ላሳርፍ ነው» እላለሁ። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ዓይኔን አሳርፌያለሁ። ታዲያ ያን ቀን ሦስት ወንዶች አፍ አፌን ሲያዩኝ «ተኝቼ ነበር» ማለት ሞት መሰለኝ። ደግሞም መኪናዋ ደህና ናት ከተባለ ጥፋቱ የእግሩ ነው፤ ባየውም ባላየውም ያው ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

«አይቻለሁ» አልኩ። «ነዳጁን ነው የረገጠው።»

አብዱረዛቅ አየኝ። ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ። ይህ ሰው በትራፊክ ፖሊስ ፊት አንድ ሰዓት ቆሞ የሚከራከር፣ በሽንብራ ዋጋ እንኳ የማይሸነፍ ሰው ነው። ግን ምንም አላለም። እጁን ኪሱ ከትቶ ቁልፉን አወጣና ለልጁ ሰጠው። እኔም ይህን የጥፋተኛ ዝምታ ነው ብዬ ወሰድኩት።

አብዱልመሊክ መኪናዋን ንጉሤ ጋራዥ አቁሞ «ቀስ ብለህ ገዢ ፈልግላት» ብሎት ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ ባሌ ሌላ ሰው ሆነ። መስጊድ ሲሄድ መኪናዋን እንዳያያት ጋራዡ ጋ ሳይደርስ መንገድ ይሻገራል። ማታ ዜና ሲሰማ አይሳደብም። የወጥ ጨው በዛ ብሎ አይነዘንዘኝም፤ ሁለት ጊዜ አውቄ አብዝቼበት ዝም ብሎ በላው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መኝታ ቤት ስገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሁለት ጫማዎቹን ወለሉ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል፤ አንዱ ፍሬን፣ አንዱ ነዳጅ መሆኑ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ቀኝ እግሩን ያነሳና የግራውን ጫማ ይረግጣል። ያነሳል፣ ይረግጣል። አንድም ጊዜ አልሳተም። እንደገና ግን ይደግመዋል። ሲያየኝ ጫማዎቹን አድርጎ ወጣ።

ይህን ቻልኩት። ያልቻልኩት ከሳምንት በኋላ የመጣውን ነው። የቀትሩን ዙሁር ሰግዶ ሲጨርስ መስገጃው ላይ እንደተቀመጠ ጠራኝ።

«ዙልፋ፣ አራት ረከዓ ነው የሰገድኩት ወይስ ሦስት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? የሰገድከው አንተ!» አልኩት እንደ ልማዴ።

«አላውቅም» አለኝ። «እግሬ የሚያደርገውን ካላወቅሁ ሌላውን በምን አውቃለሁ?»

ተነስቶ እንደገና ሰገደ። የአስርንም ሰላት ደገመው። በማግስቱም እንዲሁ። ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ ይሰግድ ጀመር። ወላሂ፣ ቁልፉን ብቻ የወሰድኩበት መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ሰላቱንም ወስጄበታለሁ።

ሻርፔን ተከናንቤ ንጉሤ ጋራዥ ሄድኩ።

«ንጉሤ፣ ተኝቼ ነበር» አልኩት ገና ከበሩ።

«መቼ፣ አሁን?»

«ያን ቀን ነዋ! እግሩንም፣ ፔዳሉንም፣ ሽንኩርቱንም አላየሁም። ስነቃ ጆንያው ላይ ነበርን።»

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጠው። «እንግዲያ የቀረን የጋሼ ቃል ብቻ ነው» አለ። «ፔዳሉ እንደ ወትሮው፣ መኪናዋ ግን አልቆመችም። እትዬ ዙልፋ፣ እኔ እንዲህ ያለ ፍሬን አላውቅም። ሸራውንም አይቼዋለሁ፤ ምንም አልተበላም።»

«ስምንት ዓመት ሙሉ?»

«ስምንት ዓመት ሙሉ።»

«አባቴ ገበሬ ነበር» አልኩት። «ስምንት ዓመት ይዞት የኖረውን ማረሻ ሳይበላ ቢያገኘው ‘ጎበዝ ማረሻ’ አይለውም። ‘ማነው ሳያርስበት የከረመው?’ ነው የሚለው።»

ንጉሤ ጥቂት አየኝ። ከዚያ ጨርቁን ትከሻው ላይ ወርውሮ ክሪኩን አነሳ።

የፊቱን ግራ ጎማ ፈታ። ሸራው ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ለመያዝ የሚንሸራተትበት ቦታ ዝጎ ተጣብቋል። በእጁ ገፋው፣ አልነቃነቅም አለ። በመዶሻ መታው፣ ዝገቱ ብቻ ረገፈ። የኋላውን ቀኝ ፈታ፤ እሱም ያው። ከአራቱ ጎማዎች በሁለቱ ላይ ፍሬን የለም ማለት ነው። ንጉሤ ተሳቢና አይሱዙ ሲጠግን ያረጀ ሰው ነው፤ በእሱ ዓለም ፍሬን በሥራ ብዛት ይሞታል እንጂ በሥራ ማጣት አይሞትም። ልጁ ብሌን ግን አዲስ አበባ ሃይብሪድ ብቻ የሚጠግን ጋራዥ ውስጥ ትሠራለች። ደውሎላት ስልኩን ኮፈኑ ላይ አስቀመጠውና እጁን ወደ ፍሬኑ መለሰ። እኔ እግሬ ስለደከመኝ ልቀመጥ ብዬ የመኪናዋን በር ከፈትኩ። ከኮፈኑ ሥር «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ንጉሤ ጮኾ እጁን መነጨቀ።

«አባዬ!» አለች ብሌን በስልኩ ውስጥ። «የባትሪውን ገመድ ሳትነቅል ነው እጅህን ያስገባኸው? በር ሲከፈት እኮ ፍሬኑ ነቅቶ ራሱን ያዘጋጃል! ሊረገጥ ነው ብሎ ነው የሚያስበው። ጣትህን ሊያስቀርልህ ነበር።»

«አንቺን ያስተማርኩሽ በዚህ ጣት ነው፤ ቀስ ብለሽ ተናገሪ» አላት ጣቱን እየቆጠረ።

ገመዱን ነቀለ። ከዚያ እሷ ቀስ ብላ ተናገረች፣ እኛም ሰማን። ሃይብሪድ በሜዳ ስትነዳ ፍሬን ሲረገጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚገታት ሸራው አይደለም፤ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ነው። እየገታትም ባትሪዋን ይሞላል። ለዚህ ነው ሸራው የማይበላው፤ ሥራ ፈትቶ የሚዝገውም ለዚሁ ነው። ረጅም ቁልቁለት ሲሆን ግን ባትሪው መሀል መንገድ ላይ ጢም ይላል። ያኔ ሞተሩ መግታቱን ይተዋል፤ ሥራው ሁሉ በሸራው ላይ ይወድቃል። ሁለቱ ከዛጉ የቀሩት ሁለቱ ይቃጠላሉ። የፍሬን ዘይቱ ሳይቀየር ዓመታት ከቆየ ደግሞ እርጥበት ስቧል፤ ሲግል ይፈላል፤ ፍሬኑም ይደክማል።

«በማግስቱ ሲቀዘቅዝ ሜዳ ላይ ብትሞክራት ደህና ናት» አለች ብሌን። «ለዚያ ነው ያላየኸው።»

«ፔዳሉስ?» አለ ንጉሤ። «ፔዳሉ ለምን ወለል አልነካም?»

«ከእግርህ ሥር ገፍቶ የሚመልስልህ ሞላው፣ ጥምዝምዙ ሽቦ ነው እኮ፣ ፍሬኑ አይደለም። ፍሬኑ ቢደክምም ፔዳሉ እንደ ወትሮው ነው።»

እንደ ወትሮው! ባሌ ያለውን ቃል፣ አንድ ፊደል ሳትጨምር። ንጉሤ አየኝ፤ እኔ በሻርፔ ጫፍ አፌን ይዤ አለቀስኩ።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች ብሌን። «የጣርማ በርን ቁልቁለት ሲወርዱ ማርሹን ቢ ላይ አድርገውት ነበር?»

ይህንን እኔ አውቃለሁ። መኪናዋ ስትመጣ አንድ ደላላ ለባሌ «ቢ ማለት ባትሪ ማለት ነው፣ ይጨርስብዎታል፣ እንዳይነኩት» ብሎት ነበር። ስምንት ዓመት አልነካውም። ለካ ቢ የቁልቁለት ማርሽ ነው፤ መኪናዋን በሞተሩ ጉልበት የሚይዝ። ለወጣት ሾፌር ሁሉ «ማርሽ ሳትቀንስ ጣርማ በርን እንዳትወርድ» እያለ ሲሰብክ የኖረ ሰው፣ እሱ ራሱ ማርሽ ሳይቀንስ ስምንት ዓመት ወርዷል። ይህችኛዋ ጥፋት የእሱ ናት፤ አልሸፍንለትም።

ንጉሤ ሁለት ቀን ሠራ። ዝገቱን በብረት ብሩሽ ፋቀ፣ የሚንሸራተተውን ሁሉ ግራሶ ቀባ፣ ሸራውን ቀየረ። የድሮው የፍሬን ዘይት ጥቁር ሻይ መስሎ ወረደ። «ይበላ አይበላ በየዓመቱ ጎማው እየተፈታ ይታያል፤ ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል» ብላለች ብሌን፤ ጋራዡ ግድግዳ ላይ በቾክ ጻፈው። ከዚያ ብቻውን ደብረ ሲና ወጥቶ ወረደና «ድንጋይ ነው የምትሆነው ስትቆም» ብሎ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠ።

ለአብዱልመሊክ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኩት። «እማዬ!» ብቻ አለኝ፤ መሸጡንም ተወው። ይገባኛል።

ባሌን ከአስር ሰላት በኋላ ማንጎው ሥር አገኘሁት።

«የሰሀር አባት» አልኩት፤ «እግርህ አልተሳሳተም። የዛገችው እሷ ናት።» ብሌን ያለችውን ሁሉ ነገርኩት። የቢን ነገር ስነግረው ግንባሩን በመዳፉ መታ። በመጨረሻ ትልቁን አወጣሁት። «እኔም አላየሁህም። ተኝቼ ነበር። ዋሽቻለሁ።»

ቢጮኽ፣ ቢሰድበኝ፣ ለሳምንት ቢኮርፈኝ ተዘጋጅቼ ነበር።

«ከየት ጀምሮ ነው የተኛሽው?» አለኝ።

«እ?»

«ከየት ጀምሮ?»

«ከአርማንያ» አልኩ። «ከአርማንያ ትንሽ ቀደም ብሎ።»

ዓይኑን ጨፈነ። «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አለ ቀስ ብሎ። ቁልፉን ዘረጋሁለት፤ አልተቀበለም። «ይሄ አሁን የእኔ አይደለም» አለኝ።

ያን ጊዜ ንዴቴ መጣ። «ታዲያ ምን ላድርግ፣ መሬት ልብላ? ጥፋቴን አመንኩ፣ መኪናዋ ተሠራች፣ ልጅህ ተቀበለ፣ ምን ቀረ?»

«ነገ ደብረ ሲና እንወጣለን» አለ። «ለአንድ ቀን ተውሼዋለሁ። ስንወርድ ግን እንዳትተኚ።»

አልተኛሁም። ከደብረ ሲና መውረድ ስንጀምር «ቢስሚላህ» ብሎ ማርሹን ቢ ላይ አደረገው። ሞተሩ አጓራ። የባሌ ፊት ወለል አለ። «አንቺ!» አለ፤ «ድምፅ አላት ለካ!» እኔ ዓይኔን ከእግሩ አልነቀልኩም። መስታወቱ ሥር ያለው የባትሪ ምልክት ሞልቶ አረንጓዴ ሆነ፤ ያኔም ረገጠ፣ ያዘች። እግሩ ቤቱን እንደሚያውቅ ሰው ነው የሚሄደው፤ አይፈልግም፣ አይጠራጠርም። ሌላም ነገር አየሁ። መንገዱ ወደ ግራ ሲዞር አንገቱን ሙሉ ያዞራል። አንዲት ፍየል ከግራ በኩል ስትገባ እኔ አይቻት፣ ትንፋሼን ስቤ፣ ከዚያ በኋላ ነው እሱ የረገጠው። ቆመች፤ ፍየሏም አለፈች።

አርማንያን ስናልፍ ፍጥነቱን ቀነሰ።

«ያን ቀን እዚህ ጋ ነበር የነገርኩሽ» አለ።

«ምን ነገርከኝ?»

«ዝም አልሽ። ዝምታሽን እሺታ ነው ብዬ ወሰድኩት።»

«የሰሀር አባት፣ ምን ነበር ያልከኝ?»

ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም። «‘ዙልፋ፣ እያረጀሁ ነው’ አልኩሽ። ‘የመንዳቴ ቀን ሲያበቃ ሌላ ሰው እንዳይነግረኝ፤ ልጆቹም፣ ትራፊክም። አንቺ ንገሪኝ። አንቺ በቃህ ያልሽኝ ቀን ቁልፉን ያኔውኑ እሰጣለሁ። ለምን አልልም’ አልኩሽ።»

ከዚያ ሽንኩርቱ መጣ። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ የእኔ «አይቻለሁ»። ያን ቁልፍ ያለ አንድ ቃል ያወጣው ጥፋቱን አምኖ አልነበረም፤ በእኔ አምኖ ነው። የገዛ እግሩ እውነቱን እየነገረው፣ እኔን አመነ። አለቀስኩ፤ በአደባባይ እንደሚለቀስ ጮክ ብዬ አለቀስኩ። «አውፍ በለኝ» አልኩት።

«አውፍ ብያለሁ። ዓይንሽን ጥረጊ፣ መንገዱ አይታይሽም» አለ። «አሁን ነቅተሻል። አሁን ንገሪኝ።»

«ንዳ፣ እስክትሞት ንዳ» ማለት እንዴት እንዳማረኝ! በዚያች ደቂቃ ማር ማር የሚል ውሸት ነበር። ግን አንዴ ዋሽቼው ሁለት ሁለት ጊዜ ሰግዷል።

«እግርህ ጤነኛ ነው» አልኩት። «ግራ ዓይንህ ግን አይደለም። ፍየሏን ዘግይተህ ነው ያየሃት። በቀን ትነዳለህ። ከመግሪብ በኋላ አትነዳም። ዓይንህንም ሐኪም ያየዋል።»

ሸዋ ሮቢት ገባን። ጉብታው ጋ ሲደርስ ረገጠ። መኪናዋ ቀጥ አለች። ከኋላችን ያለው አይሱዙ ጥሩንባውን ነፋ፤ ባሌ አልሰማውም። ፊቱን ሙሉ ወደ እኔ አዞረ።

«አይተሽ ነው?» አለኝ።

«አይቼ ነው።»

«እሺ» አለ። ለምን አላለም።